ደጋ ነግሠው በቆላ የከበሩት ንጉሥ፦ ሣህለ ሥላሴ እና ይፋት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ደብረ ሲናን በደንብ ባያውቃት እንኳ ቆሎዋን ያውቃል። መኪናው ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል ሲል ብርዱ መልቀቅ ይጀምራል፣ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱ ሥር ይደርሳሉ፣ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ደግሞ ጃኬት ይወልቃል። አብዛኞቻችን ይህን ሁሉ መንገድ ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነው የምንጨርሰው።

ዛሬ ግን ስለዚሁ ደጋና ቆላ እንንገራችሁ። የዛሬ 200 ዓመት ገደማ አንድ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ሸዋን ኃያል አድርጓታል። ሰውየው የአፄ ምኒልክ አያት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በግድያ ነው። በ1813 የሸዋው ገዢ ራስ ወሰን ሰገድ ተገደሉ። ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ገና በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ ወጣት ነበሩ፤ ከደብረ ሲና ማዶ ደጋው ላይ ባለችው ሰላ ድንጋይ ገዳም ገብተው ይማሩ ነበር። የአልጋው ወራሽ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው ደግሞ እሳቸው ሳይሆኑ ታላቅ ወንድማቸው ባኩሬ ነበር።

ባኩሬ ዘገየ። ታናሹ አልዘገዩም። የእናታቸውን የወይዘሮ ዘነበወርቅን ወገኖች ይዘው ወደ ቁንዲ ገሠገሡና አልጋውን ያዙ። ታላቅየው ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። እናትየውም ቀላል ሰው አልነበሩም፤ ልጃቸው ከነገሡ በኋላ ሰላ ድንጋይን ማዕከል አድርገው የራሳቸውን ግዛት ሲያስተዳድሩ ኖረዋል።

ታዲያ የተሸነፉት ወንድሞች የት ገቡ? መልሱ ቆላ ይወስደናል።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ልማድ ከባድ ነበር። አዲስ ገዢ ሲነሣ አልጋውን ሊሻሙ የሚችሉ ወንድሞቹና ዘመዶቹ ይታሰራሉ። እስር ቤቱ የሚገኘው ይፋት ውስጥ፣ ጎንቾ በሚባል አምባ ላይ ነበር። ጠባቂው ደግሞ ወላስማ መሐመድ የተባሉ የይፋት ሙስሊም ሹም ነበሩ። ወላስማ ማለት ተራ ስም እንዳይመስላችሁ! በ1285 የቀድሞውን የሸዋ ሱልጣኔት ጠቅልሎ የይፋትን ሱልጣኔት ያጠናከረው ሥርወ መንግሥት ስም ነው፤ ሹሙም ከዚያ ዘር እንደሚወለዱ ይነገር ነበር።

እስቲ አስቡት። ክርስቲያኑ ንጉሥ ለዙፋናቸው የሚያሰጓቸውን የሥጋ ወንድሞቻቸውን አደራ የሰጡት ለካህን ወይም ለደጋ መኳንንት አይደለም። አባቶቻቸው ለዘመናት ሲዋጓቸው ለኖሩት ለይፋት ሹማምንት ወራሽ ነው። ይፋትና ደጋው ሸዋ ጠላት ብቻ ነበሩ ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ አንድ ነገር ብዙ ያስተምራል።

ወላስማ መሐመድ የሚጠብቁት እስረኛ ብቻ አልነበረም። የአገሪቱን በርም ይጠብቁ ነበር። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው ይፋት ነው። ፋሬ ላይ ዕቃው ይታያል፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ ከንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣ ይጠበቃል። ከዚያ አቀበቱ ተጀምሮ ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ይደረሳል። የአርጎባ ነጋዴዎች ከተማ የነበረችው አልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ ገበያ ይቆምባት ነበር፤ ጨውና ጨርቅ ከቆላ፣ እህል ከደጋ እየመጣ እዚያ ይገናኛል።

የንጉሡ ጉልበት ግማሹ ከዚህ በር የመጣ ነው። ጠመንጃ የሚገባው በይፋት ነው፣ የቀረጥ ገንዘብም እንደዚሁ። ሣህለ ሥላሴ ቅድመ አያቶቻቸው ይጠሩበት የነበረውን መርዕድ አዝማች የሚል ማዕረግ ትተው ንጉሥ ሲባሉም፣ በማዕረጋቸው ውስጥ ከሸዋ ቀጥሎ የይፋት ስም ይጠራ ነበር።

ግን የታሪኩን መልካም ገጽ ብቻ ብንነግራችሁ ማታለል ይሆናል። በዚሁ መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከአንኮበር ብዙም በማይርቀው አብዱል ረሱል ገበያ ላይ ባሪያዎች ለሽያጭ ይቀርቡ ነበር፤ ከዚያም በይፋት በኩል ወደ ባሕር ይወሰዳሉ። የንጉሡ ግምጃ ቤትም ከዚህ ንግድ ቀረጥ ያገኝ ነበር። በኦሮሞ አገሮች ላይ በየዓመቱ ይደረጉ የነበሩት ዘመቻዎችም ብዙ ሕይወት የጠፋባቸው፣ ብዙ ከብት የተነዳባቸው ነበሩ። ንጉሡ በጋብቻና በሹመት ከኦሮሞ ባላባቶች ጋር ወዳጅነት ይመሠርቱ የነበረ ቢሆንም ያ የዘመቻውን ጠባሳ አያጠፋውም።

ፈረንጆችም የመጡት በዚሁ በር ነው። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከነጓዙ በይፋት በኩል ገባ። ለንጉሡ ጠመንጃና መድፍ ስጦታ አመጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በ1843 ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ሌላ ውል አስፈረመ። ዘመዱ ሁሉ በመሳፍንት ጦርነት በሚታመስበት ወቅት፣ ሸዋ ብቻዋን ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ስትዋዋል ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ሃሪስ ሸዋ ሳለ ሌላም ትልቅ ነገር ሆነ። ጤናቸው የታወከው ንጉሥ ጎንቾ የታሰሩ ዘመዶቻቸውን አስፈቱ። 30 ዓመት ገደማ! አንዳንዶቹ በወጣትነት ገብተው በሽምግልና ነው የወጡት። በጉብዝና ዘመን የተወሰደ አልጋ ዋጋው ስንት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሣህለ ሥላሴ በ1847 ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። ከሦስት ዓመት በፊት በ1844 የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ተወልዶ ነበር። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፣ ልጁ ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወሰደ፣ በ1865 አምልጦ አያቱ አገር ተመልሶ ነገሠ። በኋላ ዋና ከተማው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲዞር አንኮበርና የይፋት በር ቀስ በቀስ ፀጥ አሉ።

ዛሬ ወደ አንኮበር የሚሄድ ጎብኚ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ የቀረውን የድንጋይ አጥር ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። ጥሩ ነው። ግን ያየው የታሪኩን ግማሽ ነው። ኮረብታው ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ብትመለከቱ ሌላው ግማሽ እዚያ አለ፦ የአልዩ አምባ አርጎባዎች፣ የጎንቾ አምባ፣ የግመሎቹ መንገድ። ወደ ሰሜን ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን ተራራውን ይዞ እስከ ደብረ ሲና ይዘልቃል።

ቅርስ ሲባል ቤተ መንግሥት ብቻ ከሆነ እነዚህ ቦታዎች ይረሳሉ። ዙፋኑን የተሸከሙት ግን እነሱ ናቸው፤ ቀረጡም፣ ጠመንጃውም፣ እስረኛውም፣ በደሉም በእነሱ በኩል አልፏል። ልጆቻችን አንድ ቀን ሲጠይቁን የምናሳያቸው ነገር እንዲኖር ዛሬ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ፣ ቦታውን በስሙ መጥራት ይገባናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ስትገዙ ለአፍታ ስልኩን ዝቅ አድርጉና ቆላውን እዩት። የይፋት፣ የአንኮበር፣ የሸዋ ሮቢት ልጆች ደግሞ አያቶቻችሁ ስለ ጎንቾ ወይም ስለ አልዩ አምባ ገበያ የነገሯችሁ ካለ ጻፉልን። ቤተሰብ ያንብበው፣ ለጓደኛም ይድረስ።