ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ

ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ (ጁን 5 ቀን 1898 – ኦገስት 7 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.) ጣልያናዊ የጫማ ንድፍ አውጪና ዛሬም በስሙ የሚጠራው የፋሽን ድርጅት መሥራች ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሴቶችን ጫማ ቅርጽ ከለወጡት ባለሙያዎች አንዱ ነው። በተለይ የሚታወቀው የእግርን አሠራር በማጥናቱና፣ ብረትና ቆዳ በጠፋበት ዘመን ከቡሽ፣ ከሣርና ከናይለን ክር ጫማ በመሥራቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ፌራጋሞ በደቡብ ጣልያን፣ በካምፓኒያ ግዛት በምትገኘው ቦኒቶ መንደር ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከ14 ልጆች 11ኛው ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ሰፊ ለመሆን ቢመኝም፣ ሙያው ዝቅ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ወላጆቹ አልፈቀዱለትም። እህቶቹ ለቤተ ክርስቲያን በዓል የሚያደርጉት ነጭ ጫማ ሲያስፈልጋቸው ግን ቤተሰቡ የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። ያኔ የ9 ዓመት ልጅ የነበረው ሳልቫቶሬ ጫማውን ራሱ ሠርቶ አደረሰላቸው። ከዚያ በኋላ ሙያውን እንዲማር ተፈቀደለት። ለጥቂት ጊዜ በናፖሊ ከተማ ከሠራ በኋላ ወደ ቦኒቶ ተመልሶ በወላጆቹ ቤት አነስተኛ የጫማ መሥሪያ ከፈተ።

በአሜሪካ

በ1915 ቀደም ብለው ወደ ሄዱት ወንድሞቹ ዘንድ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። መጀመሪያ በቦስተን አንድ የጫማ ፋብሪካ ገባ። የማሽኖቹ ፍጥነት ቢያስደንቀውም ከውስጣቸው የሚወጣው ጫማ ግን ከባድና ሸካራ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በሳንታ ባርባራ ከተማ ከወንድሞቹ ጋር የጫማ መጠገኛና ማሠሪያ ሱቅ ከፈተ፤ በከተማዋ ለነበረ የፊልም ኩባንያም ቡትስና ጫማ ማቅረብ ጀመረ።

የፊልም ሥራ ወደ ሆሊውድ ሲያዘነብል እሱም በ1923 በዚያ ሱቅ ከፈተ። በዚያው ዓመት ለወጣው የሴሲል ደሚል "ዐሥርቱ ትእዛዛት" ፊልም ጫማ ሠርቷል። ሜሪ ፒክፎርድ፣ ግሎሪያ ስዋንሰንና ሩዶልፍ ቫለንቲኖ ከደንበኞቹ መካከል ነበሩ።

የእግር ጥናት

ደንበኞቹ የጫማውን ውበት ቢያደንቁም እግራቸውን እንደሚያማቸው ይነግሩት ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሰውነት አካል ትምህርት ተከታተለ። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም የሰውነቱ ክብደት በእግሩ መካከል ባለው ቅስት ላይ እንደሚያርፍ ተረዳ። የዚያን ጊዜ ጫማዎች ግን ተረከዙንና የፊቱን እግር ሲደግፉ ቅስቱን ያለ ድጋፍ ይተዉት ነበር። ፌራጋሞ ከቅስቱ ሥር ቀጭን የብረት ደጋፊ አስገባ። ክብደቱ በዚህ ላይ ስላረፈ ጣቶች ወደ ፊት መገፋታቸው ቀረ። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ጫማዎች ሁሉ በዚህ መርህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ወደ ጣልያን መመለስና ኪሳራ

በእጅ የሚሠሩ የተካኑ ባለሙያዎችን በአሜሪካ በብዛት ማግኘት ስላልቻለ በ1927 ወደ ጣልያን ተመልሶ በፍሎረንስ ከተማ ሥራ ጀመረ። ብዙ ጫማ ሰፊዎችን ሰብስቦ፣ ሥራውን እንደ ፋብሪካ በየደረጃው ከፋፍሎ ሁሉም በእጅ እንዲሠራ አደረገ። ጫማውን በዋናነት የሚሸጠው ግን ለአሜሪካ ነጋዴዎች ነበር። በ1929 የተጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ይህን ገበያ ስለዘጋበት በ1933 ከሰረ። እንደገና የተነሣው ፊቱን ወደ ጣልያን ደንበኞች በማዞር ነው።

የኢትዮጵያ ጦርነትና የቡሽ ጫማ

በኦክቶበር 1935 ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያን ወረረች። በቀጣዩ ወር የመንግሥታት ማኅበር በጣልያን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅን ያላካተተው ይህ ማዕቀብ ወረራውን አላስቆመም፤ በሜይ 1936 የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በጣልያን ውስጥ ግን የጥሬ ዕቃ እጥረት አስከተለ። ጥሩ ብረት ለጦር መሣሪያ ሥራ ስለዋለ ፌራጋሞ ለቅስቱ ደጋፊ የሚሆን ጠንካራ ብረት አጣ። በገበያ የሚገኘው ብረት ደግሞ በቀላሉ ይሰበር ነበር።

መፍትሔው ብረቱን ጨርሶ መተው ሆነ። በተረከዙና በፊቱ ሶል መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ከሰርዲኒያ ደሴት በሚመጣ ቡሽ ሞላው። እንዲህ ተደርጎ የተሠራው ድፍን ተረከዝ ቀላል፣ ለእግር የሚመችና የማይሰበር ነበር። የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም ቅርጹ በብዙ አገሮች ተቀዳ። ዛሬም በየአገሩ የሚደረገው ድፍን ታኮ ጫማ መነሻው ይኸው ነው። በ1938 ለተዋናይት ጁዲ ጋርላንድ የሠራው፣ በቀስተ ደመና ቀለማት የተደራረበው ባለ ወፍራም ሶል ጫማም የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

በዚያው ዓመት በፍሎረንስ የሚገኘውን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የስፒኒ ፌሮኒ ቤተ መንግሥት ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቆዳም ሲጠፋ ራፊያ የተባለውን የዘንባባ ቃጫና የከረሜላ መጠቅለያ የሆነውን ሴሎፋን ለጫማ ፊት ተጠቀመ።

የኋላ ዘመንና ውርስ

በ1940 የትውልድ መንደሩን ልጅ ዋንዳ ሚሌቲን አግብቶ ስድስት ልጆች ወለዱ። በ1947 ከናይለን ክር በሠራው "የማይታይ ሰንደል" የኒማን ማርከስን ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ክርስቲያን ዲዮርም ተሸልሟል። በ1950ዎቹ ማሪሊን ሞንሮና ኦድሪ ሄፕበርን ደንበኞቹ ነበሩ። የሕይወት ታሪኩን የያዘው መጽሐፍ በ1957 ታተመ።

ፌራጋሞ በ62 ዓመቱ ሲሞት ድርጅቱ የሚታወቀው በሴቶች ጫማ ነበር። አመራሩን የተረከበችው ባለቤቱ ዋንዳ ከልጆቿ ጋር ወደ ቦርሳ፣ ልብስና የወንዶች ጫማ አስፋፋችው። እሷም በ2018 አርፋለች። በ1995 በስፒኒ ፌሮኒ ቤተ መንግሥት የተከፈተው ሙዚየም የሠራቸውን ጫማዎችና በታዋቂ ደንበኞቹ እግር ልክ የተቀረጹትን የእንጨት ፎርማዎች ያሳያል።