ሁጎ ግሮትዩስ፤ ስለ ጦርና ስለ መርዝ ሕግ የጻፈው ሊቅ

ሰይፍ መዝዞ የሚመጣ ጠላት ከሩቅ ይታያል፤ መርዝ የያዘ ጠላት ግን ወዳጅ መስሎ ከማዕድ ይቀርባል። ስለዚህ ብዙ ሕዝቦች መርዝን ከጥንት ጀምሮ እንደ ነውር ቈጥረውታል። ይህ ነውር በመንግሥታት መካከል ሕግ የሆነበትን ምክንያት መርምረው ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ ሆላንዳዊው ሁጎ ግሮትዩስ ነው።

ግሮትዩስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1583 ዓ.ም. በዴልፍት ከተማ ተወለደ። ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ በዚያችው ከተማ ታላቅ ግድያ ተፈጸመ። የስፓኝ ንጉሥ ፊልጶስ 2ኛ፥ በእርሱ ላይ የተነሣውን ሕዝብ የሚመራውን የኦራንዡን መስፍን ዊሌምን ለሚገድል ሰው ወርቅና የመኳንንት ማዕረግ እንደሚሰጥ በአዋጅ አስታውቆ ነበር። በ1584 አንድ ሰው ታማኝ መስሎ ቀረበና መስፍኑን በገዛ ቤቱ በሽጉጥ ገደለው።

ግሮትዩስ በ11 ዓመቱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ገና በወጣትነቱም ጠበቃና ባለሥልጣን ሆነ። ነገር ግን በ1618 በሃይማኖትና በሥልጣን ጠብ ምክንያት ተያዘ፤ በማግሥቱ ዓመት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በሉፈስታይን ምሽግ ታስሮ ሳለ መጻሕፍት በሣጥን ይመላለሱለት ነበር። ዘበኞቹ ሣጥኑን መፈተሽ በሰለቹ ጊዜ፥ ሚስቱ ማሪያ በ1621 ባሏን በመጻሕፍቱ ፈንታ በሣጥኑ ውስጥ አስተኝታ አስወጣችው፤ እርሷ ግን እዚያው ቀረች፤ በኋላ ተለቀቀች።

በስደት በፓሪስ ሳለ፥ አውሮፓ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ስትታመስ፥ በ1625 ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሕግ የሚናገረውን ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ጦርነት እንኳ ከሕግ ውጭ አለመሆኑ ነው። ስለ መርዝ ሲጽፍም፥ በተፈጥሮ ሕግ ብቻ ቢታይ፥ ሞት የተገባው ሰው በሰይፍ ቢሞት ወይም በመርዝ ልዩነት የሌለው ሊመስል እንደሚችል አምኗል። ሆኖም በጦር የተወጋ ሰው ጋሻ ሊያነሣ ይችላል፤ የተመረዘ ሰው ግን የሚከላከልበት ጊዜ የለውምና ሕዝቦች በስምምነት ከለከሉት። ግሮትዩስ እንደ ገመተው፥ ይህን ክልከላ ያመጡት ነገሥታት ሳይሆኑ አይቀሩም። በቅጥርና በዘበኛ ከጦር ይጠበቃሉ፤ ከተመረዘ ጽዋ ግን የሚጠብቃቸው ሕግና የነውር ፍርሃት ብቻ ነው። የታመነበትን ሰው ከድቶ የሚገድለውን ብቻ ሳይሆን፥ ገዳዩን የሚያሰማራውንም ጥፋተኛ አድርጓል።

የግሮትዩስ ትምህርት ግን እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰዎች በ1603 የፖርቱጋልን መርከብ መማረካቸውን በጽሑፍ ደግፏል፤ ለቅጣት የሚደረግንም ጦርነት ፈቅዷል። እንዲህ ያለው በር ለኃያላን ሰፊ ነው። ከ1635 አንሥቶ በፓሪስ የስዊድን አምባሳደር ሆኖ ካገለገለ በኋላ፥ በ1645 በባልቲክ ባሕር መርከቡ አደጋ ደርሶበት በሮስቶክ ሞተ። መቃብሩም የመስፍኑ የዊሌም መቃብር ባለበት በዴልፍት ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከእርሱ በኋላ ሕጉ እየጠበበና እየጠነከረ ሄደ። የ1907 የላሄ ውል በጦርነት መርዝን ከለከለ፤ መጽሐፉ በታተመ በ300 ዓመቱ፥ በ1925፥ የጄኔቭ ውል የመርዝ ጋዝን ከለከለ። ኢጣልያ ይህን ውል ካጸደቀች በኋላ በ1935 እና በ1936 በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበች፤ የመንግሥታት ማኅበርም አላዳነንም። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በ1945 አንዱ መንግሥት በሌላው ላይ ኃይል እንዳይጠቀም አዘዘ። ይሁን እንጂ በ2006 አሌክሳንደር ሊትቪኔንኮ በለንደን በፖሎኒየም ተመርዞ ሞተ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2021 ሩስያን ተጠያቂ ሲያደርግ፥ ሩስያ ፍርዱን አልተቀበለችም። በሰው አገር አንድን ሰው መመረዝ የዚያን አገር ሉዓላዊነት እንደሚደፍር ግልጽ ነው፤ ቻርተሩ የከለከለው የኃይል አድራጎት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ግን የሕግ ሊቃውንት ይከራከራሉ።

መርዝ ኃይሉ በስውርነቱ ነው፤ ሕግም በስውር የተሠራውን ወደ ብርሃን ካላወጣ ከንቱ ጽሕፈት ይሆናል። ስለዚህ ከግሮትዩስ ሕይወት ለተማሪዎች የሚተርፈው ትምህርት፥ የላኪውም እጅ እንደ ተላኪው እጅ መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ነው።