አለቃ ገብረ ሐና፦ በክፉ ዘመን ያሳቁ ሊቅ

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። የመጀመሪያው ቀን ዋይታና እንባ ነው። ከቀብር በኋላ ግን ጎረቤቱ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጦ ሲያመሽ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጨዋታ ያመጣል። ጨዋታውም ብዙ ጊዜ የአለቃ ገብረ ሐና ነው። እህል አልቀምስም ብላ የዋለች እናት ድንገት ፈገግ ስትል፣ ያቺን ሰዓት ሲጠብቁ የነበሩ ሴቶች እንጀራውን ያቀርባሉ፤ ያጎርሷታል።

ውድ አንባቢያን፣ በወንጌላውያን ገጽ ላይ ስለ አንድ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ መጻፌ የሚያስገርመው ወገን ይኖራል። እኔ የምጽፈው ስለ ዶክትሪን ልዩነት አይደለም። እኚህ ሰው የነበራቸውና እኛ ዘንድ እየጠፋ ያለ ነገር ስላለ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባል አገር ነው። ለቅኔ ትምህርት ወደ ጎጃም ተሻግረው እንደነበር ይነገራል። ይህም አያስደንቅም፤ በዚያ ዘመን ቅኔ የፈለገ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ የሚሻገረው ወደ ጎጃም ነበርና። ኋላም በጎንደር በአታ አስተማሩ። ስለዚህ ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ ቢያስታውሳቸውም እሳቸው በመጀመሪያ መምህር ነበሩ። ቀልዳቸውም ቢሆን ከቅኔው ቤት የወጣ፣ ሰምና ወርቅ ያለው ነው።

የኖሩበትን ዘመን ግን እናስብ። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አስዘረፉ፣ አቃጠሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች መጥተው ከዚያ የተረፉትን አብያተ ክርስቲያናት አነደዱ፤ ብዙ ሕዝብ ገደሉ፣ ማርከውም ወሰዱ። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተጣልተው በጎጃም ላይ ዘመቱ፤ ወታደሩ የገበሬውን ጎተራ ባዶ አደረገው። በዚያው ሰሞን የከብት ዕልቂት ገባ። ከመቶው ከብት ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። በሬ የሌለው ገበሬ ምን ሊያርስ ይችላል? እንግዲህ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን ይህ ነው። አለቃ ገብረ ሐና የቀለዱት በጥጋብ ዘመን አይደለም።

ከጨዋታዎቻቸው አንዱን ላንሳ። አንድ ቤት ተጋብዘው ሳለ ከመሶቡ ውስጥ አይጥ ዘላ ወጣች ይባላል። ባለቤቲቱ በሐፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። አለቃ ግን ምንም እንዳላዩ ሆነው በሉ፤ ሲጨርሱም ምርቃቱን በግጥም አወረዱት፤ አይጧንም ምስጋናው ውስጥ በዘዴ ሸሸጓት። ሰሙን የሰማ አሜን አለ፤ ወርቁ የገባው ሳቀ። ሴትዮዋን ፊት ለፊት ያዋረዳት አልነበረም።

ሌላው በየገበያው መንገድ የሚወራው ነው። አህዮች እየነዳች የምትሄድ ሴት አግኝተው አህዮቹንም ጨምረው በብዙ ቁጥር ሰላም አሏት ይባላል። ይህን በጂጋ ገበያ መንገድ ሸክም የከበዳት ሴት ለጓደኛዋ ስታወራው ከሰማችሁ የመንገዱ ርዝመት እንዴት እንደሚያጥር ታያላችሁ።

በእርግጥ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእሳቸው አይደለም፤ ሕዝቡ ጥሩ ቀልድ ሲያገኝ ለእሳቸው ያወርሰዋል። ሚስታቸውን ወይዘሮ ማዘንጊያን የሚነካውን፣ ሰውን በቁመናው የሚያዋርደውንም እኔ አላመሰግንም። ጳውሎስ በኤፌሶን 5፥4 የከለከለው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል። ግን ከዚህ ተነሥተን ሳቅን ሁሉ ኃጢአት ማድረጋችን ከየት የመጣ ነው?

አለቃ ከሰው ርቀው አልቀለዱም። የሚታወቁት በማዕድ፣ በመንገድ፣ በቤተ መንግሥት አዳራሽ፣ ሰው ባለበት ተገኝተው ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በዚያ ክፉ ቀን በሬው ሲያልቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም አፍረው ቆፈሩ። አዋጅ ብቻውን ያንን አያደርግም ነበር። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በመሬት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ (ኢዮ. 2፥13)፤ የተበላሸው መስበክ ሲጀምሩ ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር እኛ ጥቂት ነን። ኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን ሲሞትበት አንዳንዶቻችን ሥርዓቱ አይመቸንም ብለን እንቀራለን፤ ሌሎቻችን ትራክት ይዘን እንሄዳለን። ንፍሮ ይዞ ሄዶ፣ ጥግ ይዞ፣ ሲያስለቅስ አልቅሶ ሲያስቅ ስቆ የሚያመሽ ጥቂት ነው። ጌታችን እንኳ አልዓዛርን እንደሚያስነሣ እያወቀ ከማርያም ጋር አልቅሷል (ዮሐ. 11)።

አለቃ በጣና ደሴት ተቀምጠው ሳለ የሐይቁን ሞገድና የደንገሉን መወዛወዝ እያዩ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ ተብሎ ይተረካል። ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። በመጀመሪያ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር ይባላል፤ ተክሌ ግን በደብረ ታቦር ተቀምጦ አስፋፋው፤ ዛሬም የተክሌ አቋቋም ተብሎ በልጁ ስም ይጠራል። አባቱ በስተርጅና ወደ አገራቸው ተመልሰው ዐረፉ። በዜማው ልጃቸው ሲጠራበት፣ ለእሳቸው የቀረላቸው ቀልዱ ነው፤ በየለቅሶ ቤቱም ማታ ማታ ይነገራል።