ማድጋ የተሸከመው ጫማ ሰፊ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ጌታችን ልደት ዋዜማ ይጾማል። አርባው ቀን ነቢያት የጌታን መምጣት በተስፋ የጠበቁበት መታሰቢያ ነው። ከዚያ በተጨማሪ የምንጾማቸው ሦስት ቀናት ግን የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በግብፅ አገር ተራራ የፈለሰበት መታሰቢያ ናቸው። በዚያ ታሪክ መካከል ደግሞ አንድ ዓይኑ የጠፋ ጫማ ሰፊ እናገኛለን። ስሙ ስምዖን ነው።

ስምዖን የኖረው በ10ኛው መቶ ዘመን፣ ዛሬ አሮጌው ካይሮ በሚባለው ሰፈር ነው። ኑሮውም ቆዳ እያለፋ፣ ጫማ እየሰፋ ነበር። ጳጳስ አልነበረም፤ ቄስም አልነበረም፤ ገዳም ገብቶ የመነኰሰም አይደለም። እንደ ማንኛችንም በእጁ ሥራ የሚያድር ሰው ነበር። የቆዳ ሥራ ሽታው ይከብዳል፤ ሠሪውንም ሰው ይሸሸዋል። በእኛስ አገር ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ እየተባለ ስንቱ ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል? እግዚአብሔር ግን የተናቀውን አይንቅም።

ዓይኑን ያጣበትን ምክንያት አባቶች እንዲህ ይተርኩታል። አንዲት ሴት ጫማ ልታሠራ መጣች። እግሯን ባየ ጊዜ ክፉ አሳብ መጣበት። በወንጌል ስለምታሰናክል ዓይን የተነገረውን ቃል እንደ ሰማው በየዋህነት ተቀብሎ በጫማ መስፊያው ወስፌ ዓይኑን አወጣ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አድርጉ ብላ አታስተምርም፤ ቃሉ የኃጢአትን ምክንያት ቆርጠን እንድንጥል የተነገረ ነው። እኛ ከስምዖን የምንማረው ኃጢአትን ምን ያህል እንደ ተጸየፈ ነው።

የዕለት ሥራውስ ምን ነበር? ገና ሳይነጋ ይነሣል። ማድጋውን ውኃ ይሞላና አቅም ላጡ ሽማግሌዎች፣ ከአልጋ ለማይነሡ በሽተኞች በየቤታቸው ያደርሳል። ማድጋውን ቤቱ መልሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እስከ ማታ ሲሠራ ውሎ ለነፍሱ ማቆያ የምትሆን ጥቂት እህል ይቀምሳል፤ ከዚያ ለጸሎት ይቆማል። ከሚያገኘውም ለድሆች ያካፍላል። ይህን ሲያደርግ ያጨበጨበለት የለም። ጎረቤቱ የሚያውቀው ጫማ ሰፊ መሆኑን ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ግብፅን የሚገዙት ፋጢማውያን ነበሩ። ንጉሡ አል ሙዒዝ ሊቃውንትን ፊት ለፊቱ ማከራከር ይወድ ነበር። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ደግሞ አባ አብርሃም ሶርያዊ ነበሩ። እርሳቸውም ከመሾማቸው በፊት ነጋዴ ነበሩ፤ ለድሃ በመመጽወት የታወቁ ምእመን ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚነግረን፣ በክርክሩ የተሸነፈው ያዕቆብ ኢብን ኪሊስ የተባለው ባለሥልጣን ቂም ይዞ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ተራራ ታፈልሳለች የሚለውን የወንጌል ቃል ለንጉሡ አሳየው። ንጉሡም ፓትርያርኩን አስጠርቶ ቃሉ እውነት ከሆነ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ያለውን የሙቀጠም ተራራ እንዲያፈልሱ አዘዘ። ካልሆነ በክርስቲያኖች ላይ መከራ እንደሚመጣ አስታወቀ። አባ አብርሃም የሦስት ቀን ጊዜ ለመኑ።

በግብፅ ላሉ ክርስቲያኖች ሁሉ የሦስት ቀን ጾም ታወጀ። ፓትርያርኩ አል ሙዐለቃ በምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ገብተው እያለቀሱ ጸለዩ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ እመቤታችን ተገለጠችላቸው። ወደ ገበያ በሚያወጣው በር ሲወጡ ማድጋ የተሸከመ አንድ ዓይና ሰው እንደሚያገኙ፣ ተአምሩም በእርሱ እጅ እንደሚፈጸም ነገረቻቸው።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያች ከተማ ስንት ጳጳሳት፣ ስንት ካህናት፣ ስንት ሊቃውንት ነበሩ! ሕዝቡን የሚያድነው ጸሎት የተገኘው ግን መንገድ ላይ ውኃ ተሸክሞ ከሚሄድ ሰው ዘንድ ነው። ፓትርያርኩ ሲያገኙት ስምዖን በአገልግሎቱ ላይ ነበር። ያን ዕለት ውኃ ማደሉን ትቶ ተኝቶ ቢሆን ኖሮስ?

ስምዖን መጀመሪያ ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ እምቢ አለ። የእመቤታችን ትእዛዝ መሆኑን ሲሰማ ግን ታዘዘ። በሕይወት እስካለ ድረስ ነገሩን ለማንም እንዳይናገሩበት ብቻ ለመናቸው። ሕዝቡ ወደ ተራራው ወጣ። ፓትርያርኩ ከፊት ቆሙ፤ ስምዖን ከኋላቸው በሕዝቡ መካከል ተሸሸገ። ኪርያላይሶን እያሉ አምላካቸውን ለመኑ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሰገዱ። በሰገዱ ቁጥር ተራራው ከመሠረቱ ይነሣ ነበር፤ ቀና ሲሉም በሥሩ የፀሐይ ብርሃን ይታይ ነበር። ንጉሡ ደነገጠ፤ እንዲበቃቸውም ለመነ። ፓትርያርኩ ደስ ብሏቸው ወደ ኋላ ዞረው ስምዖንን ቢፈልጉት አጡት። ምስጋናው ሳይደርስበት ተሰውሮ ሄዷል።

ንጉሡ የሚሹትን እንዲጠይቁት ባላቸው ጊዜ አባ አብርሃም ለራሳቸው ምንም አልፈለጉም። ፈርሶ የሸንኮራ አገዳ መጋዘን የሆነውን የቅዱስ መርቆሬዎስን ቤተ ክርስቲያን ማሳነጽ እንዲፈቀድላቸው ለመኑ፤ ተፈቀደላቸውም።

ዛሬ በዚያው በሙቀጠም ሥር የካይሮን ቆሻሻ በመሰብሰብ የሚተዳደሩ ክርስቲያኖች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመካከላቸው አገልግሎት ተጀምሮ፣ ከአለት ዋሻ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚይዝ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል። የተሰየመውም በስምዖን ጫማ ሰፊው ስም ነው። ሰው ከሚሸሸው ሥራ የመጣው ቅዱስ፣ ሰው የሚሸሸውን ሥራ ለሚሠሩት ጠባቂ ሆነላቸው። እንዴት ደስ ይላል!

ውድ አንባብያን! አገልግሎት ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ቅኔ ማሕሌቱና ወደ ዐውደ ምሕረቱ ብቻ እንጠቁማለን። እኔ ቄስ አይደለሁ፣ ዘማሪ አይደለሁ፣ ምን አገባኝ እንላለን። ወይም ሥራ በዛብኝ፣ ጊዜ የለኝም እንላለን። ስምዖንም የሙሉ ቀን ሥራ ነበረው። ክህነት አልነበረውም፤ ማድጋ ግን ነበረው። ለእግዚአብሔር የሰጠው በእጁ ያለውን ነው።

በእኛስ እጅ ምን አለ? ቧንቧ ሲጠፋ ጀሪካን መሸከም የማይችሉ አሮጊት በግቢያችን የሉም? ሆስፒታል ተኝቶ ጠያቂ የሌለው፣ መድኃኒት የሚገዛለት ያጣ በሽተኛ አናውቅም? ዓይነ ስውሩን ይዞ ወደ ቅዳሴ ማድረስ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ መጥረግ፣ የጎረቤትን ልጅ ፊደል ማስቆጠር ይህ ሁሉ አገልግሎት ነው። እናት ሌሊት ተነሥታ ልጇን ስታስታምም፣ ነጋዴ ሚዛኑን ሳያጓድል ሲሸጥ፣ ሠራተኛ ባለጉዳይን ሳያጉላላ ሲያስተናግድ እግዚአብሔርን እያገለገለ ነው። የጌታችንም የመጨረሻ ፍርድ ለተራበ ስለ መመገብ፣ ለተጠማ ስለ ማጠጣት እንደሆነ አንርሳ።

በዚህ ጾም ምሳችንን ትተን ገንዘቡን ኪሳችን ካስቀመጥነው ምኑን ጾምነው? ያተረፍነው ለተራበ ይሁን። ከሁሉም በላይ እንደ ስምዖን በስውር እናድርገው። ስንረዳ ፎቶ አንነሣ፤ ለወሬም አንቸኩል። ማድጋው ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ከአልጋ መነሣቱ ነው። ነገ ጠዋት እንጀምር።

የአባ አብርሃምና የጫማ ሰፊው የቅዱስ ስምዖን ጸሎትና በረከት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።