ዶክተር ሳንፎርድ ሞስና የደከመው ሞተር

መኪና ዳገት ላይ ሲንገጫገጭና ጉልበት ሲከዳው አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የትኛው ዕቃ መለወጥ እንዳለበት ነው። ሞተሩ ምን እንዳጣ ለማወቅ የሚፈልገው ግን ጥቂቱ ነው። ዛሬ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ የምናቀርብላቸው ዶክተር ሳንፎርድ ሞስ ከነዚህ ከጥቂቶቹ ወገን የነበሩ አሜሪካዊ መሐንዲስ ናቸው። በየመንገዱ የምናያቸው የጭነት መኪናዎች ዛሬ የሚሠሩበትን ቱርቦ የሚባለውን መሣሪያ እርሳቸው ብቻ ፈጠሩት ባይባልም፣ ከፍ ባለ ስፍራ የሚደክመውን ሞተር እንደሚያድን በተራራ ላይ በቍጥር ያስመሰከሩት እርሳቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ሞስ የተወለዱት በ1872 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። ዕድሜያቸው 16 ዓመት ሲሆን ትምህርታቸውን አቋርጠው የታመቀ አየር መሣሪያዎች ከሚሠሩበት የብረታ ብረት ሥራ ቤት በተለማማጅነት ገቡ። አየር ሲታመቅ እንደሚሞቅ፣ በትንሽ ቀዳዳም ሾልኮ እንደሚያመልጥ ከመጽሐፍ አስቀድመው በእጃቸው ዐወቁት። ከዚያም ወደ ትምህርት ተመልሰው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1896 ዓ.ም. የመጀመሪያውን፣ በ1900 ዓ.ም. ሁለተኛውን ዲግሪ ተቀበሉ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ።

ለዚሁ ማዕርግ የመረጡት ጥናት የጋዝ ተርባይን ነበር። አሳቡ ለማስረዳት ቀላል ነው። አየር ይታመቃል፤ በታመቀው አየር ውስጥ ነዳጅ ይቃጠላል፤ የጋለው ጋዝ ጥርስ ያለውን መዘውር እየገፋ ያዞራል። መዘውሩ ከሚያገኘው ኀይል ከፊሉን አየር ለሚያምቀው መሣሪያ ይከፍላል፤ የተረፈው ለሥራ ይውላል። ሞስ መሣሪያውን ሠርተው በሞከሩት ጊዜ እሳቱ ነደደ፤ መዘውሩም ዞረ። ነገር ግን መዘውሩ የሚሰጠው ኀይል አየሩን ለማመቅ ከሚጠፋው ኀይል ያንስ ስለ ነበር ለሥራ የሚተርፍ አልተገኘም።

በዚያው በ1903 ዓ.ም. ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ቀጠራቸውና በማሳቹሴትስ፣ በሊን ከተማ ምርምሩን እንዲቀጥሉ ፈቀደላቸው። ሥራው እስከ 1907 ዓ.ም. ቈየ። የሚበላው ነዳጅ ብዙ፣ የሚሰጠው ጉልበት ጥቂት ሆኖ ስለ ተገኘ ኩባንያው ተወው። እንግዲህ የ35 ዓመቱ ሞስ ለዓመታት የደከሙበት ነገር ተዘጋ ማለት ነው። ሆኖም ከሥራው የተረፈ አንድ ነገር ነበር። ውድቀቱ ከየት እንደ መጣ በልክ ዐውቀውታል፤ ጉድለቱ የነበረው በማመቂያው፣ በመዘውሩና ሙቀቱን በማይችለው ብረት ላይ ነው። ስለዚህ አየር ማመቂያውን ለብቻው ወስደው ማሻሻል ጀመሩ። መሣሪያውም ለብረት ማቅለጫ ምድጃዎች አየር የሚነፋ ሆኖ ገበያ አገኘ።

አሥር ዓመት አለፈ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ አየሮፕላኖች ከፍ ብለው መብረር በጀመሩ ጊዜ ባለሙያዎችን ሁሉ ያስቸገረ ነገር መጣ። በምድር ላይ ብርቱ የነበረው ሞተር ከፍ ባለ ቍጥር እየደከመ ይሄዳል። ምክንያቱን እኛ አዲስ አበባ ያለን ተማሪዎች ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው አራት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ሥራውን የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው፤ ቱርቦ የሌለው መኪና ከምጽዋ ወይም ከጂቡቲ ወደ ደጋው ሲወጣ ምንም ዕቃ ሳይሰበርበት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ጣርማ በር ሲደርስ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይጐድልበታል።

መድኀኒቱ ምን እንደሆነ በአውሮፓ የታሰበበት ነበር። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡሺ ከሞተር በሚወጣው የጋለ ጭስ ተርባይን አዙሮ አየር ለማመቅ በ1905 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አስመዝግበው ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ኦጉስት ራቶም በጦርነቱ ጊዜ ይህን መሣሪያ በአየሮፕላን ሞተር ላይ ሞክረዋል። በ1917 ዓ.ም. የአሜሪካን የአየር በረራ ምርምር አማካሪ ጉባኤ የሚመሩት ዊሊያም ዱራንድ ነበሩ። እኚህ ሰው ሞስ በኮርኔል ሲማሩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ስለ ነበሩ የተማሪውን የተርባይን ሥራ አልረሱትም፤ ጉዳዩን ወደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ አመጡት።

በዚህ ጊዜ የቀድሞው ውድቀት ለሥራ በቃ። በኮርኔል መዘውሩ የራሱን ማመቂያ አዙሮ የሚተርፍ ኀይል እንዲሰጥ ይፈለግ ነበር። በአየሮፕላን ላይ ግን መዘውሩ ትርፍ እንዲሰጥ የሚጠይቀው የለም። የጋለው ጋዝ ከሞተሩ በከንቱ የሚወጣ ጭስ ነው፤ መዘውሩ ማመቂያውን ብቻ ካዞረ ይበቃዋል። ማመቂያው ስስ የሆነውን አየር ጨምቆ ለሲሊንደሮቹ ይሰጣል፤ ሞተሩም ከፍ ባለ ስፍራ ሳለ በባሕር ዳር እንዳለ ሆኖ ይሠራል።

ይህ በወረቀት ላይ ነው። ሞስ በተግባር ለማሳየት ሊበርቲ የተባለውን ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር በጭነት መኪና ላይ አስጭነው በ1918 ዓ.ም. በኮሎራዶ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ወጡ። ከፍታው 4300 ሜትር ገደማ ነው። የፈተናው አካሄድ የሚያስደንቅ ነው። ሞተሩ አስቀድሞ በዝቅተኛ ስፍራ ተለክቶ ወደ 350 የፈረስ ጉልበት ሰጥቶ ነበር። ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ ሲለካ 230 ብቻ ሆነ። ከቱርቦው ጋር ሲለካ ግን 356 ሰጠ።

ባልንጀሮቻችን መካከለኛውን ቍጥር ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳር ካለው ሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ያህል ነው። 230ም ለ350 ሲካፈል ወደዚያው ይደርሳል። ጉድለቱ ከአየሩ ጉድለት ጋር ከተስተካከለ ካንዴላውን ወይም ነዳጁን ለመክሰስ ምክንያት አይኖርም ማለት ነው። ያለ ቱርቦ የተለካው ቍጥር ባይኖር ኖሮ የመጨረሻው 356 ከምን እንደ መጣ ማንም በርግጥ ሊናገር አይችልም ነበር።

ይህ ሥርዐት ዛሬም በጋራዥ ይጠቅማል። ቱርቦ ያለው መኪና ቆሞ ሲሠራ ደኅና ሆኖ፣ ነዳጅ በብርቱ ሲረገጥ ግን የሚንገጫገጭና ጉልበት የሚያጣ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚከሰሰው ቱርቦው ራሱ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። ሆኖም መጀመሪያ ግፊቱን መለካት ይገባል። ግፊቱ ጐድሎ ከተገኘ የአየር ማጣሪያው ተዘግቶ፣ ከማመቂያው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ ተቀዶ ወይም ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነ ይታያል። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ሞተሩ ሳይጨነቅ አይታወቅም፤ ግፊት ሲመጣ ግን አየሩ ያመልጣል። በብዙ የቤንዚን መኪናዎች አየሩ የሚለካው ከቱርቦው በፊት ስለሆነ፣ ላመለጠው አየር ጭምር ነዳጅ ይታዘዝና ድብልቁ ነዳጅ በዝቶበት ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ከተርባይኑ በፊት ጭስ የሚያመልጥ ከሆነ፣ ወይም ትርፍ ጭስን የሚያስወጣው በር ሳይዘጋ ከቀረ፣ መዘውሩ በቂ ኀይል አያገኝም። እነዚህ ሁሉ ከተመረመሩ በኋላ ነው የቱርቦው ዘንግ መላላቱ የሚፈተሸው። ግፊቱ ልክ ሆኖ ሳለ ሞተሩ የሚቆራርጥ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ወደ ነዳጁና ወደ ካንዴላው ይዞራል፤ በታመቀ አየር ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ለመዝለል ይቸግረዋልና፣ ያረጀ ካንዴላ በዚያን ጊዜ ይጋለጣል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ከተራራው ፈተና ጥቂት ቈይቶ በኅዳር ወር 1918 ዓ.ም. ጦርነቱ አበቃ፤ የመሣሪያው ጥድፊያም ቀዘቀዘ። ሥራው ግን በሚቀጥለው ዓመት በአየሮፕላን ላይ ተጀመረ። በየካቲት 1920 ዓ.ም. ሻለቃ ሩዶልፍ ሽሮደር ቱርቦ በተገጠመለት አየሮፕላን ከ10000 ሜትር በላይ ወጡ። ሞተሩ አየር ሲያገኝ አብራሪው ግን ኦክሲጅን አለቀባቸው፤ ራሳቸውን ስተው፣ ዐይናቸው በብርድ ተጐድቶ፣ አየሮፕላኑ ብዙ ሺህ ሜትር ከወረደ በኋላ ነቅተው በሕይወት አረፉ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት የዝግታ ሥራ ናቸው። በጋለ ጭስ ውስጥ በኀይል የሚሽከረከረውን መዘውር የሚችል ብረት መፈለግ፣ በመታመቁ የሞቀውን አየር ወደ ሲሊንደር ሳይገባ ማቀዝቀዝ፣ የግፊቱን ልክ መቈጣጠር፣ እያንዳንዱ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

ሞስ በ1938 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ነገር ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቀርብ ኩባንያው በአማካሪነት መለሳቸው። ቢ 17 የተባለው ትልቅ ቦምብ ጣይ አየሮፕላን ከፍ ብሎ የበረረው በዚሁ መሣሪያ ነው። በ1940 ዓ.ም. ሞስና የአሜሪካን ጦር የአየር ክፍል በበረራ ሙያ እጅግ የተከበረውን የኮሊየር ሽልማት በአንድነት ተሸለሙ። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዛዊው የፍራንክ ዊትል የጄት ሞተር በአሜሪካን አገር እንዲሠራ ሲወሰን፣ የሙቅ ጋዝ መዘውር ልምድ ስላለው ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ተሰጠ። የጄት ሞተርም የጋዝ ተርባይን ነው። ሞስ በተማሪነታቸው የሞከሩት አሳብ በሊን ከተማ ተሠርቶ በ1942 ዓ.ም. ሲበር እርሳቸው በሕይወት ነበሩ። በ1946 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከመካከላችን የመመረቂያ ጥናቱ ያሰበውን ያላስገኘለት ባልንጀራ አይጠፋም። ለእርሱ የምንለው ይህን ነው፤ ሙከራው ምን ያህል እንደ ጐደለና ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ በቍጥር ጽፎ ያስቀምጥ። ሞስ በ1903 ዓ.ም. የጻፉትን ከ14 ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው መጣ።