ጄኔራል ፓተን እና የላንግር የታንከኞች ማሠልጠኛ

የጄኔራል ጆርጅ ፓተን ስም ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሰው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢሆንም የታንክ አዛዥነታቸው መሠረት የተጣለው ከዚያ ሃያ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ በፈረንሳይዋ ላንግር ከተማ አቅራቢያ ነው።

እ.ኤ.አ በ1885 በካሊፎርኒያ የተወለዱት ፓተን በ1909 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመርቀው በፈረሰኛ ጦር ውስጥ አገልግለዋል። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በዘመናዊ ፔንታትሎን ተወዳድረው አምስተኛ ወጥተዋል። በ1916 በሜክሲኮ ዘመቻ በሦስት አውቶሞቢሎች የተፈጸመ ጥቃት መርተዋል።

በ1917 የጄኔራል ፐርሺንግ ረዳት ሆነው ፈረንሳይ የገቡት ሻምበል ፓተን በጠቅላይ መምሪያው ሥራ አልረኩም። በእግረኛ ጦር ውስጥ መሰለፍ ወይም ገና ያልተፈተነውን የታንክ አገልግሎት መቀላቀል የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ቀረቡላቸው። በወቅቱ የአሜሪካ ጦር አንድም ታንክ ስላልነበረው ውሳኔው ቀላል አልነበረም። በኖቬምበር 1917 የቀላል ታንኮች ማሠልጠኛ እንዲያቋቁሙ ሲታዘዙ ለታንክ አገልግሎት የተመደቡ የመጀመሪያው አሜሪካዊ መኮንን ሆኑ።

አሠልጣኙ በቅድሚያ ራሳቸው ሠልጣኝ መሆን ነበረባቸው። በፈረንሳዮች የታንክ ማሠልጠኛ መንዳትና መተኮስ ተምረው፣ በሬኖ ፋብሪካ የታንኩን አሠራር አጥንተው ከላንግር በስተደቡብ በምትገኘው ቡር መንደር ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። በማርች 1918 የመጀመሪያዎቹ አሥር የሬኖ ታንኮች በባቡር ሲደርሱ ከሠልጣኞቹ መካከል መንዳት የሚችል ስላልነበረ በሌሊት ከፉርጎ ያወረዷቸው ፓተን ራሳቸው ነበሩ።

ሬኖው ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝና የሬዲዮ መገናኛ የሌለው ነበር። በሞተሩ ጩኸት ምክንያት መነጋገር ስለማይቻል አዛዡ ከፊቱ ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ሾፌር በእግሩ እየነካ ያዘው ነበር፤ ጀርባውን ሲመታው ወደፊት፣ ትከሻውን ሲመታው ወደዚያው አቅጣጫ፣ ራሱን ሲነካው ደግሞ ቁም ማለት ነበር። ፓተን ከዚህ ባልተናነሰ ለሰላምታና ለአለባበስ ሥርዓት ይጠነቀቁ ስለነበር ጥብቅነታቸው ለሠልጣኞቹ ሳይከብድ አልቀረም።

በሴፕቴምበር 1918 በሳን ሚየል ውጊያ ከጠላት ጥይት ይልቅ ጭቃና የነዳጅ እጥረት ብዙ ታንኮችን አስቁመዋል። ፓተን መምሪያቸውን ትተው በእግር ወደፊት በመሄዳቸው ከአለቃቸው ተግሣጽ ደርሶባቸዋል። ይህም አላረማቸውም፤ በዚያው ወር 26 ቀን ሼፒ በተባለች መንደር አጠገብ ጥቂት ሰዎች አስከትለው በእግር ሲያጠቁ ጭናቸውን ቆሰሉ። ከሞት ያተረፋቸው ተላላኪያቸው ጆ አንጄሎ ነበር።

በ1920 የወጣው የመከላከያ ሕግ የታንክ ኮርን አፍርሶ ታንኮቹን ለእግረኛ ጦር ሲያስረክብ ፓተን ወደ ፈረስ ተመለሱ። ወደ ታንክ የተመለሱት በ1940 ነው። በ1942 በካሊፎርኒያ በረሃ ሰፊ ማሠልጠኛ አቋቁመው ለሰሜን አፍሪካ የሚዘምተውን ጦር በሐሩርና በአቧራ ውስጥ አሠለጠኑ። በዚያው ዓመት ሞሮኮ ላይ አዘመቱ።

በ1943 በሲሲሊ የሕክምና ጣቢያዎች ተኝተው የነበሩ ሁለት ወታደሮችን በጥፊ በመምታታቸው ይቅርታ እንዲጠይቁ ተገደዋል፤ ለአንድ ዓመት ያህልም ጦር መርተው አልተዋጉም። በኦገስት 1944 የሦስተኛው ጦር አዛዥ ሆነው ፈረንሳይን ያቋረጡ ሲሆን፣ በዲሴምበር ታንኮቻቸው ባስቶኝ የተከበበውን ጦር ደርሰውለታል።

ጄኔራሉ ጀርመን ውስጥ በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ምክንያት በዲሴምበር 21 ቀን 1945 በ60 ዓመታቸው አርፈው በሉክሰምበርግ ሐም የጦር መቃብር ከወታደሮቻቸው ጋር ተቀብረዋል።