ጆን ዊትሊ፤ የኪራይን ሂሳብ ከሥሩ ያሰሉ ማዕድን ቆፋሪ

መሐንዲስ ቤት ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ የሚያሰላው የመሠረቱን ጥንካሬ፣ የግድግዳውን ውፍረትና የጣሪያውን ክብደት ነው። በተሠራው ቤት ውስጥ ማን ይገባበታል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ከፕላኑ ጠርዝ ውጭ ይቀራል። ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው ያነሡትና መልሱን በቁጥር የፈለጉት ጆን ዊትሊ የሙያ ባልደረባችን አልነበሩም። የእንጀራቸው መጀመሪያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነው።

ዊትሊ በ1869 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአየርላንድ፣ በዋተርፎርድ አውራጃ፣ ቦንማሆን በምትባል መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ስኮትላንድ ሲሻገሩ ገና ልጅ ነበሩ። ቤተሰቡ በላናርክሻየር የከሰል አካባቢ ሰፈረ፤ መኖሪያውም ለማዕድን ሠራተኞች በረድፍ ከተሠሩት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች አንዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ምግቡ የሚበስለው፣ ልብሱ የሚታጠበው፣ ሕፃን የሚወለደውና በሽተኛ የሚያጣጥረው በዚያችው አንዲት ክፍል ነው። ልጁም እንደ አባቱ ወደ ጉድጓድ ወርዶ ከአሥር ዓመት በላይ ከሰል ቆፈረ፤ ማታ ማታ ግን ይማር ነበር። በኋላ ከወንድማቸው ጋር ሱቅ ከፈቱ፣ በጋዜጣ ቤት ሠሩ፣ በመጨረሻም የራሳቸውን የኅትመት ድርጅት አቋቁመው ባለሀብት ለመሆን በቁ።

አጥባቂ ካቶሊክ ነበሩ፤ ሶሻሊስትም ነበሩ። በዚያ ዘመን ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ቀላል አልነበረም። በ1906 የካቶሊክ ሶሻሊስቶች ማኅበርን መሠረቱ፤ በ1912 ደግሞ የተቆጡ የራሳቸው ሃይማኖት ተከታዮች በደጃፋቸው ተሰብስበው ምስላቸውን በእሳት አቃጠሉ። ሰውየው ከሃይማኖታቸውም ከሐሳባቸውም ንቅንቅ አላሉም።

ዊትሊ የግላስጎው ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት አባል የሆኑት በዚያው በ1912 ነበር። የግላስጎው የድኻ መንደር እንደ ሌላው አገር ከጭቃና ከቆርቆሮ የተሠራ አልነበረም። ሦስትና አራት ፎቅ የወጣ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ግንቡ ቀጥ ያለ፣ ድንጋዩም ለመቶ ዓመት የሚበቃ። መንደሩን ያጎሳቆለው መጨናነቁ ነበር። በአንድ ክፍል አንድ ቤተሰብ ይታጨቃል፤ መጸዳጃውን ብዙ ጎረቤት በጋራ ይጠቀማል። በ1917 ሪፖርቱን ያወጣው መንግሥታዊ አጣሪ ኮሚሽን እንዳረጋገጠው፣ ከስኮትላንድ ሕዝብ ግማሹ ያህል የሚኖረው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ባላቸው ቤቶች ውስጥ ነበር።

በ1913 ዊትሊ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳቧ አጭር ነው፤ የከተማው ትራም የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ነው፣ ትርፍም ያስገባል፤ ይህ ትርፍ ያለ ወለድ ለቤት ሥራ ቢውል ለሠራተኛው በዓመት 8 ፓውንድ የሚከራይ ጎጆ መሥራት ይቻላል የሚል ነበር። የነገሩ ቁልፍ ያለው ያለ ወለድ በሚለው ቃል ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል እኔው ላሰላው፤ 500 ፓውንድ የሚፈጅ ቤት በ4 በመቶ ወለድ ለ40 ዓመት በተወሰደ ብድር ቢሠራ፣ ዓመታዊው ክፍያ 25 ፓውንድ ከ5 ሺሊንግ ይሆናል። በጠቅላላው 1010 ፓውንድ ይከፈላል ማለት ነው፤ ከዚህም ውስጥ 510ው ወለድ ነው። ተከራዩ ለግንበኛውና ለአናጢው ከሚከፍለው ይልቅ ለአበዳሪው የሚከፍለው ይበልጣል። ግድግዳውን ብናሳጥር፣ መስኮቱን ብናጠብ የምናተርፈው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ምክር ቤቱ ሐሳቡን አልተቀበለውም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የጦር መሣሪያ ሠራተኞች ወደ ግላስጎው ጎረፉ፤ አከራዮችም ኪራይ ጨመሩ። በ1915 በሜሪ ባርበር የሚመሩ የጎቫን ሴቶች ጭማሪውን አንከፍልም ብለው አደሙ። ዊትሊም ከጎናቸው ቆሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓርላማው የኪራይን ጣሪያ የሚወስን ሕግ አወጣ። ሕጉ ኪራዩን ገታ እንጂ አዲስ ቤት አልሠራም።

በ1922 ሸትልስተንን ወክለው ፓርላማ ገቡ። በጥር 1924 የመጀመሪያው የሌበር መንግሥት ሲቋቋም ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴ ማክዶናልድ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር አደረጓቸው፤ በብሪታንያ የቤት ሥራ በዚያ ሚኒስቴር ሥር ነበርና። ከመሐንዲስ ዓይን ስመለከተው ትልቁ ሥራቸው ከሕጉ በፊት የፈጸሙት ነው። ግንበኛና ለሳኝ እጅግ አንሶ ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበራቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራ ፈት እንሆናለን ብለው ስለሚፈሩ ተለማማጅ በብዛት መቀበል አይወዱም ነበር። ዊትሊ አሠሪዎችንና ማኅበራቱን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው የ15 ዓመት ሥራ ቃል ገቡላቸው፤ በአጸፋውም የተለማማጆች ቁጥር እንዲጨምር ተስማሙ። እቅዱ በ15 ዓመት 2.5 ሚሊዮን ቤት ነበር።

ሕጉ በዚያው ዓመት ጸደቀ። በ1923 በኔቪል ቼምበርሌይን የወጣው ሕግ ለአንድ ቤት በዓመት 6 ፓውንድ ለ20 ዓመት ይሰጥ ነበር፤ ማዘጋጃ ቤትም ራሱ ለመሥራት የግል ሥራ ተቋራጮች እንደማይበቁ ማስረዳት ነበረበት። ዊትሊ ይህን ግዴታ አነሡ፤ ድጎማውንም ወደ 9 ፓውንድ፣ ዘመኑንም ወደ 40 ዓመት ከፍ አደረጉ። ማዘጋጃ ቤቱ 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ይጨምርበታል። ቅድም ባሰላሁት ቤት ላይ ይህ ሲቀነስ ተከራዩ የሚሸከመው የብድር ክፍያ 11 ፓውንድ ከ15 ሺሊንግ ይሆናል፤ ይኸውም ያለ ወለድ ቢሠራ ይከፍል ከነበረው 12 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ያነሰ ነው። በ1913 በትራሙ ትርፍ ሊያስወግዱት ያሰቡትን ወለድ አሁን በመንግሥት ግምጃ ቤት አሸከሙት።

መንግሥቱ ግን ዓመት ሳይሞላው ወደቀ፤ በግንባታ ዕቃ ዋጋ አላግባብ የሚያተርፉትን ለመቆጣጠር ያረቀቁት ሕግም አብሮ ቀረ። ድጎማው በ1927 በእንግሊዝ ተቀነሰ፤ በ1933 ተሰረዘ። እስከዚያ ድረስ በሕጉ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ቤት ተሠርቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። በግላስጎው እንደ ናይትስዉድ ባሉ ሰፊ አዳዲስ ሠፈሮች፣ የአትክልት ቦታ ባላቸው ቤቶች የገቡት በአብዛኛው ቋሚ ደመወዝ ያላቸው ባለሙያ ሠራተኞች ነበሩ። የጥገናውና የማዘጋጃ ቤቱ ግብር ሲታከልበት፣ ዛሬ ሠርቶ ነገ ለሚፈታው የቀን ሠራተኛ ኪራዩ አልቀመስ አለ። ድጎማው የሚታሰበው በቤት ቁጥር እንጂ በሚገባው ሰው አልነበረም። እንደ እኔ አስተያየት የዊትሊ ሂሳብ ጉድለት ይህ ነው፤ ወለዱን በትክክል ለዩ፣ የተከራዩን ኪስ ግን እኩል አድርገው ገመቱት።

ከማክዶናልድ ጋር ተቃቅረው ስለነበር በ1929 ሌበር ዳግም ሥልጣን ሲይዝ ከሚኒስትሮቹ አልተቆጠሩም። በግንቦት 1930 በ60 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት ክረምት አርተር ግሪንውድ ያቀረቡት የድኻ መንደሮች ማፍረሻ ሕግ ጸደቀ፤ ለስኮትላንድም አምሳያው ወጣ። በዚህኛው ድጎማው የተቆጠረው ከፈረሰው ቤት በወጣው ሰው ልክ ነበር። ግላስጎውም በሕጉ የሠራቻቸውን ቤቶች ከሌሎቹ በታች በሦስተኛ ደረጃ መደበቻቸው፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ብላክሂልን የተከለችውም ከጋዝ ፋብሪካው አጠገብ ነው።